እጁን ትታችሁ ታንኳዋን እዩ

ጠዋት ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በፋሲሎ በኩል በጣና ሐይቅ ዳር የሚያዘግም ሰው ታንኳ ላይ ተቀምጦ መንጠቆ የሚወረውር አጥማጅ ካየ ዓይኑ ክሩን ተከትሎ ይሄዳል። ክሩ ራቅ ብሎ ከወደቀ «አቤት እጅ!» ይላል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ክሩን ትቼ ታንኳዋን ነው የማየው። ሰውየው እጁን ሲሰነዝር ታንኳዋ ከተወዛወዘች፣ ከሥሯም ሞገዱ ክብ ክብ እየሠራ ከሰፋ፣ ክሩ የፈለገበት ይድረስ፣ ውርወራው ጥሩ አይደለም። መንጠቆው ሳይደርስ ወሬው ዓሣው ጋ ደርሷል።

መሬት ላይ የቆመ ሰው ጉልበት የሚያወጣው ከእግሩ ነው። ታንኳ ላይ ግን እግር ተዘርግቶ ተቀምጧል፣ የሚረግጠው ጠንካራ ነገር የለም። እጅ በኃይል ወደ ፊት ሲሄድ ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ወደ ኋላ ትሸሻለች። በትከሻውና በወገቡ የሚወረውር ሰው ታዲያ ግማሹን ጉልበት ለታንኳዋ ነው የሚገብረው። አዋቂው ከክርኑ በታች ይሠራል። ደረቱ ዝም፣ አንገቱ ዝም፤ ክንዱ ከፍ ይልና ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የቀረውን መንገድ ክሩ ላይ የታሰረው እርሳስ ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህን የተማርኩት በትል ነው። አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ታንኳቸው ላይ አስቀምጠውኝ የትሉን ጣሳ ጭኔ መሃል አኖሩልኝ። የመጀመሪያው ውርወራዬ እንዳለቀ ጣሳው ተደፋ፤ ትሉ ሱሪዬ ላይ ተበተነ። «ልጄ፣ ሩቅ መወርወሩን ተወው፤ መጀመሪያ ጣሳውን አቁም» አሉኝ። ትሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ስመልስ እሳቸው አጠገቤ ሦስት ጊዜ ወረወሩ። ጣሳው ንቅንቅ አላለም።

ታንኳዋም ራሷ መመዘን አለባት። ጣና ላይ ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ጥሩ ታንኳ በአውራ ጣት ሲጫኗት እምብዛም አትሰረጉድም፤ ማሰሪያዋ ጠብቋል፣ የደንገሉ ዘንግ ቀጥ ብሎ ተሰድሯል። ዋናው ነገር ግን ድርቀቷ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ውላ ስትመለስ ዳር ላይ አቁመው ካላደረቋት በማግስቱ ከብዳ ዝቅ ትላለች። ተንከባክበው ቢይዟትም ዕድሜዋ የወራት ነው። የኖርዌዩ አሳሽ ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. «ራ» የተባለችውን ጀልባ፣ በዓመቱም «ራ 2»ን ያሠራው ከጣና በሄደ ደንገል ነበር። የመጀመሪያዋ ኋላዋ ውሃ ጠጥቶ እየሰመጠ አትላንቲክ ላይ ተተወች፤ ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ደንገሉ ከአንድ ሐይቅ የመጣ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው።

ወደ ውርወራው ልመለስና፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ውርወራን እንዴት እንደሚያበላሽ በደንብ የሚያውቁት በላባ ማታለያ የሚያጠምዱ ፈረንጆች ናቸው። የእነሱ ታንኳ መጀመሪያ የመኪና የውስጥ ጎማ ነበር፤ መሃሉ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ዳክዬ እግር የሰፋ የዋና ጫማ አጥልቀው፣ ውሃውን እየረገጡ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከላባና ከክር የሚሠሩት የዝንብ አምሳያ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እርሳስ የለም፤ ክብደቱ ያለው ወፍራሙ ክር ላይ ነው። ክሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ በአየር ላይ ተዘርግቶ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ነው ወደ ፊት የሚላከው። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው የማጥመጃ ዘንጉን ወደ ኋላ አብዝቶ ካጋደለ ክሩ ከጀርባው ውሃውን ይመታል፣ ጉልበቱም እዚያው ይቀራል። ጥሩው ዘንጉን ጆሮው አካባቢ ቀጥ አድርጎ ያቆምና ክሩ እስኪዘረጋ ትንሽ ይታገሣል። ጀማሪው አምስት ስድስት ጊዜ ከራሱ በላይ ያማስላል፤ አዋቂው በአንድ ወይም በሁለት ይጨርሳል።

ጣና ለዚህ ዓይነቱ አጠማመድ የማይሆን ሐይቅ አይደለም። የነጭ አሳ ወገን የሆኑ 15 ዓይነት ዓሦች የሚገኙት እዚሁ ብቻ ነው፤ ከእነሱም 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ ናቸው። ትንሽ ዓሣ የሚመስል ላባ እንዲህ ላለው ዓሣ ነው። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሌላ ነው፤ ኑሮው በአልጌና በሣር ስለሆነ የሚሮጥ ማታለያ አይስበውም። አምባዛ ደግሞ ትል ካገኘ ለውርወራ ውበት ደንታ የለውም፤ ስለዚህ በአምባዛ ብዛት የሚኩራራ ወርዋሪ አያስደንቀኝም። ክረምት ላይ ነጭ አሳ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ጠብቆ የሚያፍሰውንማ ከሙያተኛ አልቆጥረውም። ዓሣው እየቀነሰ የመጣው አንድም በዚህ ነው።

ለማየት የሚመቸው ገና ሲነጋ ነው። ውሃው ዝም ስለሚል ታንኳዋ የምትሠራው ክብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነሳ ሞገዱ ሁሉን ያደባልቀዋል፣ ያን ጊዜ የታንኳዋን አፍንጫ ተመልከቱ፤ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ወደ ጎን ከዞረች ሰውየው በወገቡ ነው የሚወረውረው። እኔ የማደንቃቸውን ሰዎች ግን በዚያ ሰዓት ውሃ ላይ አላገኛቸውም። ታንኳቸው ዛፍ ተደግፋ ቆማ፣ ከታች በኩል ውሃዋን ጠብ ጠብ ታደርጋለች።