«ደረጃ 1» ማለት ማን ነው? ስለ ሙያ ብቃት ምዘና ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

አንድ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ቢሳሳት የሚቸገረው ተርጓሚው ነው፤ በምስክር ወረቀት ላይ ቢሳሳት ግን የሚጎዳው እንጀራውን ፍለጋ የወጣው ሰው ነው። የሙያ ብቃት ምዘና ስያሜዎችን እንድንመረምር ያነሣሣን ይኸው ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ነው። አካባቢው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች ይገኛል፤ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ይሰሙበታል። ግንበኛው፣ በያጁና የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠጋኙ ሙያቸውን ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከሥራው ላይ የሚቀስሙበት ቦታ እንደ መሆኑ፣ ለጥያቄያችን ተስማሚ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391 በ1996 ዓ.ም. ወጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ደግሞ ሥልጠናን በቆይታው ዘመን ሳይሆን በውጤቱ የሚለካ ሥርዓት ዘረጋ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ዋናው ነገር ሙያው የት ተገኘ የሚለው አይደለም፤ በኮሌጅም ይሁን በጋራዥ የተማረ ሰው ተመዝኖ ከበቃ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ሒሳችን የሚያተኩረው ሐሳቡን በተሸከሙት ቃላት ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸግረው «ደረጃ» የሚለው ቃል ነው። የብቃት ማዕቀፉ ሲዘረጋ አምስት ደረጃዎች ነበሩት፤ ዝቅተኛው ደረጃ 1፣ ከፍተኛው ደረጃ 5 ተብሎ ተሰየመ። ይሁን እንጂ በአማርኛ «አንደኛ ደረጃ ዕቃ» ሲባል ከሁሉ የተሻለው ዕቃ ማለት ነው። ሥራ ተቋራጮችም ሲመደቡ «ደረጃ 1» የሚባለው ትልቁን ሥራ ለመረከብ አቅም ያለው ነው። «አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ስንል ደግሞ መነሻውን ማለታችን ነው። እንግዲህ ቃሉ ከቁጥር ጋር ሲቀናጅ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ወደ ታች ይቆጥራል።

እንበልና በሸዋ ሮቢት ሕንፃ የሚያሠራ አንድ ደረጃ 1 ሥራ ተቋራጭ ሁለት ግንበኞች ወረቀታቸውን ይዘው ቀረቡለት። በአንደኛው ላይ «ደረጃ 1»፣ በሌላው ላይ «ደረጃ 3» የሚል ያነባል። የራሱ የሥራ ፈቃድ የሚነግረውና የግንበኞቹ ወረቀት የሚነግረው ተቃራኒ ስለሆነ፣ ብልጫ ያለው የትኛው እንደ ሆነ ከቃሉ ሊረዳ አይችልም። ግራ የተጋባ አሠሪ የሚያደርገውም የታወቀ ነው፤ ወረቀቱን አጥፎ ይመልስና «ማን ያውቅሃል? ከማን ጋር ሠርተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። በትውውቅ መቀጠርን ያስቀራል የተባለው ማስረጃ በራሱ ቃል ምክንያት ወደ ትውውቅ መለሰን ማለት ነው።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ሙያተኛው ሊያሟላው የሚገባው ዝርዝር የተጻፈበት ሰነድም «የሙያ ደረጃ» ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ «የግንበኝነት ሙያ ደረጃ፣ ደረጃ 2» ብሎ መጻፍ ግድ ይሆናል፤ የፊተኛው መለኪያውን፣ የኋለኛው የተደረሰበትን ከፍታ ያመለክታል። እንግሊዝኛው በሁለት ቃል የለየውን አማርኛው በአንድ መጥራቱ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን የመራጩ ቸልታ ነው። በእኛ አስተያየት ለሰነዱ «የሙያ መስፈርት»፣ ለከፍታው «እርከን» ቢባል ይሻላል። እርከን አዲስ ቃል አይደለም። የይፋት ገበሬ በተዳፋት መሬቱ ላይ ይሠራዋል፤ የመንግሥት ሠራተኛም በደመወዙ ጭማሪ ያውቀዋል፤ በደመወዝ ስኬል ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ከፍታውም ይጨምራል። ከደመወዝ እርከን ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚቆጥሩ ቢምታቱ እንኳ አሠሪውን አያሳስቱም።

ሁለተኛው ጉዳይ «ብቃት» ነው። በቃ የሚለው ግስ መመጣጠንንም፣ ለማዕረግ መድረስንም፣ ማብቃትንም ያመለክታል፤ የበቃ መነኩሴ እንላለን፤ ንትርክ ሲበዛም «በቃ!» እንላለን። ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይለወጥ አንልም። የሚያሳስበን የምዘናው ሌላኛው ውጤት ነው። በሥርዓቱ ሐሳብ ያልተሳካለት ተመዛኝ «ገና ያልበቃ» ነው፤ ጉድለቱን አሟልቶ እንደ ገና ሊመዘን ይችላል። በንግግርም በጽሑፍም ግን «ብቁ ያልሆነ» ሲባል፣ ከዚያም አልፎ «ወደቀ» ሲባል እንሰማለን። «ገና» የምትለው ቃል ጌጥ አይደለችም፤ የተመዛኙ መብት ያለው በእርሷ ውስጥ ነው። እርሷን የጣለ ተርጓሚ መብቱን ጣለ።

በአንጻሩ «ምዘና» የሚለውን ስያሜ እናመሰግናለን። ሚዛን ዕቃውን ከታወቀ ክብደት ጋር እንጂ ከሌላው ነጋዴ ዕቃ ጋር አያወዳድርም፤ የዚህ ሥርዓት ባሕርይም እንዲሁ ነው። ሕዝቡ ግን «ሲኦሲ» ብሎ ይጠራዋል። አንዱ ፊደሎቹ ማእከሉን ያመለክታሉ ይላል፤ ሌላው ወረቀቱን። ለ«ክህሎት»ም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአማርኛ ማስተማሪያ መጻሕፍት ማዳመጥን፣ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን «ክሂል» ይሏቸዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ደግሞ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተብሏል። ሁለቱም ከግእዙ ከሀለ፣ ማለትም ቻለ፣ የወጡ ናቸው። በ«ደረጃ» ለሁለት ነገር አንድ ቃል፣ እዚህ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል ይዘናል።

ሦስተኛው ጉዳይ የመሣሪያዎች ስም ነው። የሙያ መስፈርቶቹ መጀመሪያ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ የምዘናው ጥያቄ ወደ አማርኛ የሚመጣው በተርጓሚ እጅ ነው። ግንበኛው ውሃ ልክና ቱንቢ አለው፤ በያጁ ላሜራና ፌሮ ያውቃል፤ ሞተር ጠጋኙ ካቻቢቴና ፒንሳ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ቢሆኑም ዛሬ የሠራተኛው ቃላት ናቸው፤ አፉን በአርጎብኛ ወይም በአፋርኛ የፈታውም ከሥራ ባልደረባው ጋር የሚግባባው በእነርሱ ነው። ተርጓሚው ውሃ ልክን ትቶ «የአግድም ትክክለኛነት መለኪያ መሣሪያ» ብሎ ቢጽፍ፣ ግድግዳ አቅንቶ የሚገነባው ሰው በወረቀቱ ፊት ይደናገራል። በዚያን ጊዜ የተመዘነው የግንበኛው እጅ ሳይሆን የተርጓሚው አማርኛ ነው።

በመጨረሻም፣ የራሳችን ባህል ለዚህ ሥራ ቃል እንዳላጣ እናስታውሳለን። የድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ቤተ ልሔም ሄዶ ሲያስመሰክር መምህርነቱ ይታወቅለታል። በእስልምናው ትምህርትም ሼኩ ለደረሰው ደረሳ ኢጃዛ ይሰጣል። ይፋት ሁለቱንም ወግ የሚያውቅ አገር ነው። «ሙያውን አስመሰከረ» ቢባል፣ የሸዋ ሮቢት ግንበኛም አሠሪውም ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል፤ «ሲኦሲ»ን ለመተካት ከዚህ የቀረበ ቃል አናይም።

ቀድሞ በታተሙት ወረቀቶች ላይ ያለውን ስያሜ መለወጥ ወጪና ግርታ እንደሚያስከትል አንክድም። ስለሆነም ለጊዜው በአዲሱ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ሲቆጠር» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨመር፣ ከወጪው ጥቅሙ ያመዝናል። የምዘና ጥያቄዎችም ከመታተማቸው በፊት ሙያውን በሚሠሩ ሰዎች ፊት ይነበቡ። የቋንቋ ባለሙያው «ይህን ዕቃ ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ለመጠየቅ ወደ ጋራዡና ወደ ግንባታው ቦታ ሊወርድ ይገባዋል።