ሳይበስል የተቀጠፈ ፍቅር

መርሳ ላይ አንድ ወጣት የልብወለድ ረቂቁን «እስቲ ይዩልኝ ጋሼ» ብሎ ሰጠኝ። ልጁና ልጅቷ ገጽ ሦስት ላይ ተያዩ፤ ገጽ አምስት ላይ ተሳሙ። ምነው፣ አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ነው እንዴ? በፍራፍሬ አገር ተወልዶ ብርቱካኑን በጥሬው ይቀጥፈዋል!

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በዛብህ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሚገባው ሰብለወንጌልን ሊያስተምር ነው። እሷ የባላባት ልጅ፤ እሱ የድሃ ልጅ፣ ያውም ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት። ትምህርቱ ያገናኛቸዋል፤ የልባቸውን ግን መተንፈስ አይችሉም። ፍቅሩ የሚዘገየው ደራሲው ወረቀት ስለተረፈው አይደለም፤ አንዲት ቃል ካመለጠች ጣጣዋ ብዙ ስለሆነ ነው። (እኔ ግን ክፍል ውስጥ ይህን ትቼ ስለ ባላባት ሥርዓት ስለፈልፍ ኖሬአለሁ።)

«ያንተዎቹን ማን ከለከላቸው?» አልኩት። ዝም አለ። ረቂቁን መልሶ ወሰደ።