ስለ አፍሪካ አዳራሽና ስለማይታየው ብርታት

ሰው አንድን ትልቅ ቤት ሲያመሰግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግነው ዓይኑ ያየውን ጌጥ ነው። ቤቱን ያቆመው ግን ዓይን ያላየው ነው። ልጆቼ ሆይ፥ ይህን ነገር በአዲስ አበባ ባለው በአፍሪካ አዳራሽ እንመርምረው።

አዳራሹን የነደፈው አርቱሮ መዘዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነው። ሥራው በ18 ወር ያህል ተፈጽሞ፥ በ1953 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መርቀው ከፈቱት፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም መቀመጫ ሆነ። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች መሪዎችና መልክተኞች በዚሁ ቤት ተሰብስበው የአፍሪካን አንድነት ድርጅት መሠረቱ።

በመግቢያው በኩል ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚያህል ባለቀለም መስታወት የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አፈወርቅ የአንኮበር ልጅ ነው፤ በ1925 ዓ.ም. በዚሁ ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ልቡ ግን ወደ ሥዕል አደላ። መስታወቱም በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይናገራል። መሐንዲሱ ግድግዳ ሊያደርገው ይችል የነበረውን ስፍራ ለሠዓሊው መልቀቁ፥ በእኔ አስተያየት የዚህ ቤት ከፍተኛው ምስጋና ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንዱ ሌላውን ሳይጋፋ የሠሩት ቤት ብዙ አይገኝምና።

አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼን ይህን መስታወት ለማሳየት ወሰድሁ። ስለ ሥዕሉ ትርጉም ሳብራራ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፥ «የኔታ፥ መስታወት ሸክም አይችልም፤ ታዲያ ጣራውን የተሸከመው ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም፥ «ዝም ብለህ ሥዕሉን ተመልከት» ብዬ ገሠጽሁት። መልሱን ስላላወቅሁት ነበር የተቆጣሁት። ይቅርታ ሳልጠይቀው ትምህርቱን ጨርሶ ሄደ።

ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር። እንስራ ተሸክማ የአንኮበርን አቀበት የምትወጣ ሴት ሸክሙ ቀጥ ብሎ እስካረፈባት ድረስ ትችለዋለች፤ ወደ ጎን የገፏት እንደ ሆነ ግን እንስራው ወድቆ ይሰበራል። ሕንፃም እንዲሁ ነው። ምሰሶው የጣራውን ክብደት ወደ ታች ለማውረድ ይበቃ ይሆናል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ያው ክብደት ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ይሆንበታል። ያን ጊዜ የምሰሶውና የወራጁ መጋጠሚያ ካልጠነከረ ቤቱ ይሰነጠቃል፤ መተጣጠፍ የማያውቀው መስታወትም አስቀድሞ ይረግፋል።

ይህን ከማንም በፊት ሊያውቅ የሚገባው የአንኮበር ሰው ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ በ1835 ዓ.ም.፥ በዚህ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥና በናዳ ብዙ ቤት ፈርሷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ መሬት ደጋግሞ ሲናወጥ፥ መናወጡ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ደግነቱ አዳራሹ ሳይታደስ አልቀረም። የተባበሩት መንግሥታት 56.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል መድቦለት፥ መዋቅሩ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናከረ፤ መስታወቱም ተጠግኖ፥ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ቤቱ እንደገና ተከፈተ። በ18 ወር የተሠራውን ቤት ለማደስ ብዙ ዓመት ፈጀ። መዘዲሚን ስለዚህ አልወቅሰውም፤ የዘመኑ ዕውቀት የፈቀደለትን ሠርቷልና። የምወቅሰው የእኛን ልማድ ነው። ለምረቃ ቀን እልል እንላለን፤ በማግሥቱ ጣራው የሚያፈስበትን፥ ብረቱ የሚዝግበትን ስፍራ የሚመረምረውን ሰው ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። ከታደሰው ቤት የምንማረው፥ መጠገንም እንደ መሥራት ያለ ክብር የሚገባው መሆኑን ነው።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፥ ከአንኮበር ምሕንድስናን ትቶ ሠዓሊ የሆነ ልጅ ስለ ወጣ ደስ ይበላችሁ፤ ሥራው አኩርቶናል። ነገር ግን ምሕንድስናን ሳይተው ሥዕሉን የሚያቆም ልጅም ያስፈልገናል። ወደዚያ አዳራሽ የገባችሁ እንደ ሆነ መስታወቱን ተመልክታችሁ ተደነቁ፤ ቀጥሎም ምሰሶውን ፈልጉት። «ይህን ያቆመው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃችሁንም ታናሽ፥ እኔ እንዳደረግሁት አትገሥጹት።