ሁለት አብራሪዎች በአንድ ጎጆ

በአሜሪካ አየር ኃይል 10 ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ የአብራሪነት ክንፍ ከተቀበሉ ወዲህ፣ ባልም ሚስትም ወታደራዊ አብራሪ የሆኑበት ጋብቻ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ጽናቱ ግን አሁንም ያስደንቃል። ሠራዊቱ ተጋቢዎቹን፣ ግዳጁ የፈቀደለትን ያህል፣ በአንድ የጦር ሰፈር ለመመደብ ይጥራል፤ ልጆች ያሏቸውም፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢዘምቱ ሕፃናቱን ማን እንደሚረከብ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ ሥርዓቱ ያዛል፤ ይህም ጽሑፍ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቃል ኪዳን ቀለበት ይልቅ የከበደ ማኅተም ነው። አንዱ ከሌሊት በረራ ደክሞ ሲገባ ሌላው ለተልእኮ የሚሰናዳበትን ቤት በትዕግሥትና በፈቃደ ልቡና በየተራ የሚያስተዳድሩ ጥንዶች ምስጋና ይገባቸዋል። ለምሳሌ፣ ኮሎኔል አይሊን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1987 እንደ እርሷ የአየር ኃይል አብራሪ የሆነ ሰው አግብታ፣ በ1999 የአሜሪካን የጠፈር መንኮራኩር በአዛዥነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን የሕፃን ልጅ እናት ነበረች።