እንስራው ለምን ቫርኒሽ ተቀባ?

የድሮ የቤት ዕቃ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ትላንት «ኋላ ቀር» ተብሎ ከቤት የወጣው መሶብ ዛሬ መስተዋት ተደርጎበት የሳሎን ጠረጴዛ ነው። ቅሉ ተበስቶ አምፖል ገብቶበታል። ቀንበሩ የሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እንስራው ጥግ ይዞ የፕላስቲክ አበባ ታቅፏል። ይኸ ሁሉ «ዲኮር» ይባላል፤ ቁጠባም ነው ይሉናል። መልካም! አሮጌ ነገር ከሚጣል ቢያገለግል ማን ይጠላል? እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው።

ቆቦን እንውሰድ። ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ዙሪያዋን ማሽላና ጤፍ የሚበቅልባት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሙቀቷን የቀመሰ ያውቀዋል። እዚያ አገር እንስራና ጋን ማቀዝቀዣ እንጂ ጌጥ አልነበሩም። ያልተለበጠ ሸክላ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውኃ ያሳልፋል፤ ያልበዋል ማለት ነው። ያ ላብ በነፋስ ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞት ይሄዳል፤ ውኃው ይቀዘቅዛል። ያለ መብራት፣ ያለ ቆጣሪ! እኛስ ምን አደረግን? እንዲያብረቀርቅልን ብለን ቫርኒሽ ቀባነው። ቀዳዳው ተደፈነ። እንዲህ የሆነ እንስራ ቢሞላም አያቀዘቅዝም። ከጎኑ የተቀመጠው እንግዳ ደግሞ ለብ ያለ የፕላስቲክ ውኃ ከፍሎ ይጠጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ዕቃን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ማዞር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። «ማዳበሪያ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። አፈር ሊያዳብር የመጣው ነገር አለቀና ከረጢቱ ስሙን ወርሶ ቀረ፤ እህሉም ከሰሉም «በማዳበሪያ» ይጫናል። ሲቀደድ ደግሞ ክሩ ተመዝዞ ገመድ ይወጣዋል። የእርዳታ ዘይት ጣሳ የእህል መስፈሪያ ሆነ፤ ትንሹ ቆርቆሮ ኩራዝ፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የለቀመውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ቀጥቅጦ ምድጃና ሳጥን ሲያደርገው ኖሯል። የተነበበ ጋዜጣ እንኳ በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ ግድግዳ አልብሷል፤ ፊደል የቆጠረ ልጅ ጋደም ብሎ ያነበው ነበር። (እኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፍ ሰዎች ከዚህ የበለጠ ክብር አንጠብቅም።) እነዚያን እጆች ግን «ዲዛይነር» ብሎ የጠራ አልነበረም። «ድሃ» ነው የተባሉት።

የሸክላ ሠሪዋማ ነገር የባሰ ነው። አፈሩን ቆፍራ፣ አቡክታ፣ ቅርጽ አውጥታ፣ በእሳት ተለብልባ ትሠራለች። ለድካሟ የተከፈላት «ቡዳ» የሚል ስም ነው። ስንቱ ከእጇ እንስራ ገዝቶ ከልጇ ጋር ጋብቻ ተጠየፈ! ቀጥቃጩንም እንዲሁ አድርገነዋል። ዛሬ ሥራዋን ሳሎናችን ዋናው ቦታ ላይ አስቀምጠን «ባህላችን ነው» እንላለን። ኧረ ለመሆኑ ባህሉ ማሰሮው ብቻ ነው? ሠሪዋስ?

ይህ ጥያቄ ቆቦ ላይ ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከአላማጣና ከአካባቢዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ወደ ቆቦ መጡ። ሸሽቶ የወጣ ሰው ጋን አይሸከምም፤ የያያቱንም መሶብ አንጠልጥሎ አይሮጥም። ከሜዳ ላይ ኑሮ የሚጀምረው በጀሪካንና በጣሳ ነው። ጀሪካኑ ሲሰበር ለሁለት ይቆረጥና የላዩ መቅጃ፣ የታቹ ሳፋ ይሆናል። የቁጠባ ትምህርት ከተፈለገ እዚህ አለ፤ ግን ማንም ሳሎኑ ውስጥ አይሰቅለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደግሞ ከቤት የተረፈች አሮጌ ዕቃ ብትኖር ለሽያጭ ትወጣለች፤ ዋጋ ቆራጩም የቸገረው ሻጭ ሳይሆን ገዢው ነው። «አንቲክ በርካሽ አገኘሁ» ብሎ የሚደሰት ሰው ያቺ ዕቃ ከየት ቤት፣ ለምን እንደወጣች ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

«ታዲያ ዕቃው ይጣል?» የሚል አይጠፋም። ኧረ አይጣል! መሶቡም ይቀመጥ፣ ቅሉም ያብራ። ያረጀው ቀንበር ከሚማገድ ቢሰቀል ይሻላል። ግን ቁጠባ ካልን የቁጠባን ሥራ ይሥራ፤ ባህል ካልን ባለቤቱን ይጨምር። ለሸክላ ሠሪዋ ሳይከራከሩ ተገቢውን ዋጋ መክፈል፣ ከዚያም አልፎ ስሟን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል። እንስራውንም ቫርኒሹን ትተን፣ አሟሽተን፣ ውኃ እንሙላበት። ጌጥነቱ አይቀርም፤ ለእንግዳም ቀዝቃዛ ውኃ ይገኛል።