ሆዱ የሚመሰክርለት ሮቦት

ሮቦት ለማየት የሄደ ሰው ዐይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ክንዱ ላይ ነው። ክንዱ ይነሣል፣ ይዘረጋል፣ ዕቃ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሕዝቡም ያጨበጭባል። የሠሪዎቹን እጅ መመዘን የፈለገ ግን ሮቦቱን በጎኑ አስተኝቶ ሆዱን ማየት አለበት። ሽቦው በየት በኩል እንዳለፈ፣ ብሎኑ በምን እንደተያዘ፣ ባትሪው ምን ላይ እንደተቀመጠ የሚታየው እዚያ ነው። ይህን የምለው አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ እየሠሩ «ፈርስት» በሚባለው ውድድር ስለሚያሰልፏቸው ሮቦቶች ነው።

ድርጅቱን ፈልሳፊው ዲን ኬመን በ1989 አቋቋመው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ በ28 ቡድኖች መካከል ተካሄደ። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃው ዘርፍ ብቻ ከ3,000 በላይ ቡድኖች ይሰለፋሉ። ጨዋታው ግን በየዓመቱ ይለወጣል። አንድ ዓመት ኳስ መወርወር ነው፣ ሌላ ዓመት ቱቦ መስቀል፣ ሌላ ዓመት ቀለበት ማስገባት። ምን እንደሆነ የሚታወቀው በጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ቅዳሜ ነው። ከዚያ በፊት ከአዘጋጆቹ በስተቀር የሚያውቅ የለም። እስከ 2019 ድረስ ቡድኖች ሮቦታቸውን በስድስት ሳምንት ገደማ ሠርተው በፕላስቲክ ከረጢት ማሸግ ነበረባቸው። ከ2020 ወዲህ ማሸጉ ቀርቷል፤ ጥድፊያው ግን አልቀረም።

እንግዲህ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት፣ ጨዋታው ሳይታወቅ፣ አንድ ቡድን ምን ብሎ ይዘጋጃል? ክንድ ይሥራ ወይስ መወርወሪያ አያውቅም። መዘጋጀት የሚችለው እጅን ብቻ ነው። እኔም ከውድድሩ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ይህንን ጸጥ ያለ ወቅት ነው፤ ዋንጫ የለም፣ ጩኸት የለም፣ ያለፈው ዓመት ሮቦት ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ እየተፈታ ነው።

የ2025ቱን ጨዋታ እናንሣ። በዚያ ዓመት ሮቦቶቹ ስፋቱ 4 ኢንች የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ከወለል አንሥተው በቅርንጫፎች ላይ መሰካት ነበረባቸው። ከፍተኛው ቅርንጫፍ ከወለል 1 ሜትር ከ83 ይርቃል፤ ከረጅም ሰው ቁመት ጋር የሚስተካከል ነው። ሮቦቱ ደግሞ ያለ ባትሪውና ያለ መከላከያው ከ115 ፓውንድ፣ ማለትም ከ52 ኪሎ ግራም ገደማ፣ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቹ አጭር ሆነው ገብተው በሊፍት የሚረዝሙ ነበሩ። አንዱ የአሉሚኒየም ቋሚ በሌላው ውስጥ ይገባል፣ በመካከላቸው ኩሽኔታዎች ይንከባለላሉ፣ ሞተር ገመድ ወይም ካቴና ይስባል።

እንዲህ ያለውን ሊፍት የሚፈትሽ ልጅ ሞተሩን አጥፍቶ በሁለት ጣቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥሩ ሥራ ከሆነ ከታች እስከ ላይ በአንድ ዓይነት ክብደት፣ ሳይይዝና ሳይንገጫገጭ ይወጣል። በግራና በቀኝ ያሉት ገመዶች አንዱ ከሌላው ትንሽ ከላላ ግን ተሸካሚው ያጋድላል፣ ካጋደለ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ይነክሳል። ስሕተቱ በዐይን አይታይም፤ ጣት ነው የሚያውቀው። ገመዱን በሩብ ዙር አጥብቆ እንደገና ይገፋዋል፣ እንደገና ያዳምጣል።

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚወስደው ግን ማንም ተመልካች የማያየው የባትሪው ኬብል ነው። ባትሪው 12 ቮልት ነው፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ያህል፣ በሊድና በአሲድ የሚሠራው የታሸገ ዓይነት። ሞተሮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጎትቱ ከመቶ አምፔር በላይ ይወጣበታል። አሁን ኬብሉ ጫፍ ላይ የሚገባውን የመዳብ ካፒኮርዳ ተመልከቱ። አንዲት ተማሪ የኬብሉን ጎማ በልክ ትገፍፋለች። ምላጩ መዳቡን ከነካና ከክሮቹ ጥቂቶቹ ከተቆረጡ ጫፉን ጥላ እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ «ይሁን» ማለት የለም። በመቶ የሚቆጠሩትን ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ጠቅልላ አንዱም ሳይቀር ወደ ካፒኮርዳው ታስገባለች፣ ከዚያ በረጅም እጀታው መጭመቂያ አንድ ጊዜ ብቻ ትጨምቃለች። በደንብ የተጨመቀ እንደሆነ ክሮቹና ካፒኮርዳው ተጣብቀው አንድ መዳብ ይሆናሉ፣ አየር እንኳ አይገባቸውም። ጎማው ከካፒኮርዳው አፍ ጋር ይገናኛል፣ መሐላቸው የተራቆተ መዳብ አይታይም። ከዚያ በሙሉ ኃይሏ ትስበዋለች። ካልወጣ በሙቀት የሚኮማተረውን ፕላስቲክ ታለብሰዋለች።

በስታኞ ቢበየድ አይሻልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። አይሻልም። ስታኞው ክሮቹን ያደርቃቸዋል፤ ሮቦቱ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ልክ ስታኞው ባለቀበት ቦታ ላይ ይሰበራሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ የጽዳት ፍቅር የሚመስለው ካለ ትንሽ ሒሳብ ይሥራ። አንድ የላላ መጋጠሚያ የሚጨምረው ተቃውሞ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ቢሆን፣ በመቶ አምፔር ላይ 1 ሙሉ ቮልት ይበላል፤ በዚያች ነጥብ ላይም 100 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ባትሪው በጫና ውስጥ ራሱ ከ12 ቮልት ብዙ ወርዷል። ቮልቴጁ ከ7 ቮልት ጥቂት ዝቅ ሲል የሮቦቱ ኮምፒውተር ራሱን ለማዳን ሞተሮቹን ያጠፋል። ከላይ የተቀመጠው ተመልካች ሮቦቱ ቆም ቆም ሲል አይቶ «ሾፌሩ አልቻለበትም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን በኦክቶበር የተጨመቀች አንዲት ካፒኮርዳ ናት።

ሌላው የምወደው ነገር ቢጫና አረንጓዴዋ ጥንድ ሽቦ ናት። ተጠማዛ ከአንዱ ሞተር ወደ ሌላው እየተሻገረች ትእዛዝ ታደርሳለች፤ በሁለቱም ጫፎቿ 120 ኦም ተቃውሞ ይገጠምላታል። መሐል ላይ አንድ ቦታ ከተነቀለች ከዚያ ወዲያ ያሉት ሞተሮች ሁሉ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ባለሙያ ቡድን በየመጋጠሚያው ጥቂት ትርፍ ይተውላታል፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከአካሉ ጋር ያያይዛታል፣ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ያርቃታል፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ይለጥፋል። የሠለጠነ እጅ የዘረጋው ሽቦ ሲታጠፍ በአንድ ዓይነት ክብ ይታጠፋል፣ ጎን ለጎን ሲሄድ አይሻገርም። አዲስ የገባ ልጅ እንኳ በጣቱ እየተከተለ ከየት ተነሥታ የት እንደምትደርስ ሊያነባት ይችላል።

ብሎኖቹም እንዲሁ ይነበባሉ። እያንዳንዱ ተጠብቆ ካለቀ በኋላ ከራሱ እስከ ሥሩ ባለው አሉሚኒየም ድረስ በቀለም ብዕር አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ቁልፍ ሳያነሡ በዐይን ብቻ መቶ ብሎን መፈተሽ ይቻላል ማለት ነው። ዋጋው ያንድ ብዕር ዋጋ ነው፤ እኔ ግን ከማንኛውም ውድ ሞተር አስበልጬ አደንቀዋለሁ።

የማላደንቀውም አለ። አንዳንድ ቡድኖች ክብደት ለመቀነስ እያሉ አሉሚኒየሙን በሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ወንፊት ያስመስሉታል። የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ለፎቶግራፍ የተደረገ ነው፣ አንድ ብርቱ ግጭት ሲመጣም መጀመሪያ የሚጎብጠው እሱ ነው።

ሮቦቱን ዙሪያውን የሚከብበው መከላከያ ለኔ ሌላው የእጅ መመዘኛ ነው። ከሥሩ ፕላይውድ፣ በላዩ ስፖንጅ፣ በስፖንጁ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ የቡድኑ ቁጥር በነጭ። ቀጥ ያለውን ጎን ማንም ይወጥረዋል፤ ማዕዘኑ ላይ ነው ሰው የሚለየው። ጨርቁ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ ሳይሸበሸብ የት ገብቶ ይጠፋል? ሶፋ ሠሪ ያውቀዋል። ከኢንጂነሪንግ ክፍሉ ልጆች ይልቅ መርፌ የለመደ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ጌታ ነው።

በኛ ዘንድ ባለእጅ ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አጼ ምኒልክ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረታችንም ዝም ብሎ መሥራትን አስተማረን፤ አንዳንዴ ግን ሙያውን ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ሸኘው። እነዚህ ልጆች በተቃራኒው ናቸው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ያለው ቁጥር 254 የተባለው ቡድን፣ ከታወቁት አሸናፊዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የሮቦቱን ዝርዝር አሠራርና የኮምፒውተር ፕሮግራሙን ተቀናቃኞቹ ሁሉ እንዲያነቡት ያወጣል። የውድድሩን ጠባይ ከመሠረቱት አንዱ የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ በ2019 እስኪያርፉ ድረስ የሰበኩት ይህንኑ ነበር፤ በሙሉ ኃይልህ ተወዳደር፣ ተፎካካሪህን ግን አክብር፣ እርዳውም። ዛሬም በጥገናው አዳራሽ «ትርፍ ኩሽኔታ ያለው» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ፣ ይዞ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ የሚቀጥለው ጨዋታ ባላጋራ ነው።

ጨዋታው ራሱ አጭር ነው። በ2025 ሮቦቶቹ 15 ሰከንድ ያለ ሰው በራሳቸው፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ በሾፌር ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ሦስት ለሦስት ሆነው። በእነዚያ 15 ሰከንዶች ውስጥ የጎማዎቹ አቀማመጥ ይፈረድበታል። ብዙዎቹ ሮቦቶች አራት ጎማ አላቸው፤ እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሞተር አለው፣ አንዱ ያዞረዋል፣ አንዱ አቅጣጫውን ይቀይራል። አራቱም ዜሮ የሚሉት አቅጣጫ አንድ መሆን አለበት። ይህንን ለማስተካከል ልጆቹ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ከፊትና ከኋላ ጎማ ጎን አስደግፈው፣ ተንበርክከው፣ ብርሃን ሾልኮ ያልፍ እንደሆነ ይመለከታሉ። ብርሃን ካለ ጎማውን በጣታቸው ነካ ያደርጉታል። ካልተስተካከለ ሮቦቱ ከራሱ ጋር እየታገለ ይሄዳል፣ ጎማውንም ያለ ጊዜው ይበላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በቴክሳስ፣ እንዲሁም በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ውድድሩ ሰፈራችሁ ድረስ ይመጣል። ማርች ላይ ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤት ጂምናዚየም ይካሄዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ መግቢያ አይከፈልበትም። ከልጆቻችሁ ጋር ሂዱ። ከሜዳው በፊት ወደ ጥገናው አዳራሽ ግቡ፤ በሩ ላይ የዐይን መከላከያ መነጽር ይሰጧችኋል። አንዱን ቡድን መርጣችሁ «ሆዱን አሳዩን» በሉ፣ ከዚያም ኬብሉን ማን እንደሠራው ጠይቁ። የሠራው ልጅ ራሱ መጥቶ ያስረዳችኋል።