ስማቸው ከሸክላው ላይ የቀረ አጃቢዎች

በሸክላ መካከል በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙ፣ የደራሲውና የኩባንያው ስም ይነበባል። ቤዝ ጊታሩንና ድራሙን የመታው፣ ፒያኖውን የተጫወተው ሰው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ይህን እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥሩት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን አድማጭን የሚያሳስት ጉድለት ነው እንላለን።

ለዚህ የምናቀርበው ምሳሌ ቤሪ ጎርዲ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ያቋቋመው ሞታውን የተባለው የሸክላ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1959 አንሥቶ የሶል ዘፈኖቹን የሚቀዳው መኖሪያ ቤት በሚመስል አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። ዛሬ ማርቪን ጌይ፣ ነገ ቴምፕቴሽንስ፣ ከነገ ወዲያ ስቲቪ ወንደር ይዘፍናሉ፤ ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ግን ከሞላ ጎደል እነዚያው ነበሩ። እነርሱም ፈንክ ብራዘርስ የተባሉት፣ አብዛኞቹ ከጃዝ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ከመካከላቸው ጄምስ ጄመርሰን ቤዝ ጊታሩን በአንድ ጣት ብቻ ይመታ ነበር። ከእርሱ በፊት ቤዝ ለዘፈኑ መሠረት ከመጣል እምብዛም አያልፍም፤ ጄመርሰን ግን ከዘፋኙ ድምፅ ሥር ሁለተኛ ዜማ ይዘረጋል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እርሱ ይመልሳል፤ ይደርሳል ባልነው ስፍራ ዘግይቶ ይደርሳል። የማርቪን ጌይን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የሚያውቅ አንባቢ ዘፋኙን ትቶ ቤዙን ብቻ እየተከተለ አንድ ጊዜ ያድምጠው። ሌላ ዘፈን የሰማ ይመስለዋል። ከታላላቆቹ የሞታውን አልበሞች የአጃቢዎቹን ስም በሽፋኑ ላይ ዘርዝሮ ያወጣ የመጀመሪያው ይኸው የ1971 አልበም ነው። በማግሥቱ ዓመት ኩባንያው ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወረ፤ ከአጃቢዎቹም ብዙዎቹ በዲትሮይት ቀሩ።

«ዋጋቸውን ተቀብለዋል፤ ምን ቀረባቸው?» የሚል ይኖራል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ደብዳቤ የሚያረቅ ሌላ፣ የሚፈርም ሌላ መሆኑን እናውቃለን፤ አንከፋበትምም። ነገር ግን በመዝገቡ ቅጂ ላይ የአርቃቂው ምልክት አይጠፋም። በሞታውን ይህ በቅጡ ስላልተደረገ፣ በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ቤዙን የመታው ማን ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም።

በ2002 ስለ እነዚህ ሰዎች አንድ ዘጋቢ ፊልም ወጥቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ሆኖም የቀሩትን ሽማግሌዎች ካገኘ በኋላ ሌሎች ዝነኛ ዘፋኞችን አምጥቶ እንደገና ከፊታቸው ማቆሙን አልወደድንለትም። ጄመርሰን በ1983 በ47 ዓመቱ ስለ ሞተ ለፊልሙ አልደረሰም። ሮበርት ኋይትም አልደረሰም። በ1964 በተቀዳው «ማይ ገርል» መግቢያ ላይ የሚሰማውን ጊታር የመታው እርሱ ነው። አንድ ቀን በምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ያው ዘፈን ተሰማ ይባላል። ይህ የእኔ ጊታር ነው ብሎ ለአስተናጋጁ ሊነግረው ጀመረና፣ እንደማያምነው ዐስቦ፣ ነገሩን ትቶ ምግቡን አዘዘ።